ስለ ተወሰደው የችግኝ መብራትና ስለ ተተወችው ማራገቢያ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁንልዎ እያልኩ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ የምኖረው ጡረተኛ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ በመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሜን ደጋግመው ስለለጠፉልኝ በቅድሚያ ከልብ አመሰግናለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ ያላገኘሁትን ዝና በሦስት ሳምንት አጎናጽፈውኛል።

ነገሩን ለማያውቁ፣ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለሚደርሳቸው ጎረቤቶች ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ጡረታ የወጣች የሥነ ሕይወት መምህርት ናት። ከሕንፃው ጀርባ በነበረችው ቁራጭ መሬት ላይ ለዓመታት ቲማቲምና ቃሪያ ስታለማ ኖራለች። ያችን መሬት ኮሚቴዎ ለመኪና ማቆሚያ ብሎ ሲሚንቶ አለበሳት። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ሊፍቱም እርስዎ እንደሚያውቁት ሥራ ከለቀቀ ሰንብቷል። ደረጃ መውረድ ያቃታትን ሴት ወደ አትክልቷ ማድረስ ባልችል፣ አትክልቱን ወደ እርሷ አመጣሁት። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ፣ በዚፕ የሚዘጋ ድንኳን ተከልኩ። ከአሮጌ መስኮት በቆረጥኩት አሉሚኒየም ላይ በፀሐይ ፈንታ የሚያበሩ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ የኤልኢዲ መብራቶችን አንድ በአንድ በየድኩ፤ እንዳይግሉም ከተበላሸ ኮምፒውተር የፈታኋትን ማራገቢያ ከጀርባቸው ገጠምኩ። ችግኞቹ በዐሥር ቀን ቀና ሲሉ ባለቤቴም አብራ ቀና አለች። እርስዎ የደረሱልን ከዚህ በኋላ ነው።

ቅሬታዎቼን፣ እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመስኮታችን ሐምራዊ ብርሃን ስለታየ ምክትልዎ «ምንነቱ ያልታወቀ ጨረር» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጥፈዋል። ምንነቱን ለማወቅ በራችንን ማንኳኳት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን አራት ፎቅ በእግር መውጣት ለእናንተ ምን ያህል እንደሚከብድ እረዳለሁ፣ ሊፍት የለምና። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊታችን ያሉት እናት ልጆቻቸውን በደጃችን የሚያሳልፉት እያስሮጡ ነው። የእኚህን ሴት ቴሌቪዥን ስንት ጊዜ እንደጠገንኩ ቆጥሬው አላውቅም።

፪. እርስዎ ደግሞ ድንኳን መኖሩን ሲሰሙ፣ ያለፈቃድ የተጨመረ መኖሪያ ነው ብለው «በድንኳኑ የሚኖረው ግለሰብ» መታወቂያውን ይዞ እንዲቀርብ በጽሑፍ አዘዋል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና መልሱ ይኸው፦ ነዋሪዎቹ ዐሥር ቲማቲምና ስድስት ቃሪያ ሲሆኑ ሁሉም ያላገቡ፣ ሥራ የሌላቸው፣ አምሽተው የማይገቡና በማንም ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው የማያውቁ ናቸው። ፎቶግራፍ ካስፈለገ አነሳቸዋለሁ።

፫. ባለሙያ ተብሎ የተላከልን የምክትልዎ አማች መብራቱን «ለምርመራ» ወሰደው። የተወልን ወረቀት «አንድ ቆርቆሮ ከነብልጭልጩ» ይላል። ማራገቢያዋ በትእዛዙ ላይ አልተጠቀሰችም ብሎ ፈትቶ ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጧት ሄደ። ለሕግ ያለው ጥንቃቄ አስደንቆኛል። ማራገቢያ የሌለው እንዲህ ያለ መብራት በራሱ ሙቀት እንደሚቃጠል ግን ማንኛውም ጠጋኝ ሊነግረው ይችል ነበር።

፬. ችግኞቹ ብርሃን ፍለጋ ቀጥነው ተንጠራሩ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኑ፣ ከዚያ ተኙ። ከዐሥራ ስድስቱ የቀሩት ሰባት ናቸው። ባለቤቴ በየጠዋቱ ክራንቿን ይዛ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ድንኳኑ ነበር። አሁን ዚፑን መክፈት ትታለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። እዚህ ላይ ቀልድ አይመጣልኝም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፣ በጣም ተናድጃለሁ።

ስለዚህ ምርመራው በጥልቀት ተከናውኖ ከሆነ፣ መብራቱ እስከ ቅዳሜ እንዲመለስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከቅዳሜ በኋላ ቢመጣ የሚያበራለት አይኖርም።

ለሲሚንቶው፣ ለሊፍቱና ለዝናዬ እያመሰገንኩ፣ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ሆኖ ከእርስዎ የሚጠብቀው ያጣ፣
ታዛዥ ጎረቤትዎ፣ የአራተኛ ፎቁ ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ የጽዳት ሠራተኛችን እንደነገረችኝ፣ በምርመራ ላይ ያለው መብራቴ ቢሮዎ ውስጥ ከጠረጴዛዎ በላይ ተሰቅሎ የአበባ ማስቀመጫዎ ላይ ያበራል፤ እርስዎም አበባው ከዚያ ወዲህ እንዳማረበት ለእንግዶችዎ ይናገራሉ። መብራቱ ሳይቃጠል በሕይወት እንዲመለስልኝ ስል ማራገቢያዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። አበባውን በተመለከተ ግን፣ ባለቤቴ ዕድሜዋን ያስተማረችው ትምህርት ስለሆነ በእርሷ ስም ላርምዎ፦ ፕላስቲክ ነው።