ቀጥ ያለው ወንበር

መጋቢት 12 ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ

ለልጆቼ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ልጃችን በስልክ «አባዬ ደኅና ነው፣ ቀኑን ሙሉ የቤቴን ቁም ሳጥኖች ሲነቅፍ ይውላል» ብላኛለች። ከነቀፍክ ጤና አለህ ማለት ነው፤ ተመስገን ብያለሁ። እኛም ደኅና ነን፤ እንዲያውም ከደኅና ትንሽ አለፍ ብለናል። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ የወንድ ልጅህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ግን መስመሩ ይቆረጣል። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ስትሄድ በሩ ላይ ቆመህ ያልከውን አልረሳሁም። «መለዮውን ያወለቀ ልጅ የኔን ሽርጥ አያጠልቅም። ወርክሾፑን አክስሮ ሲጨርሰው ቆልፊና ቁልፉን ላኪልኝ፤ እሸጠዋለሁ።» ከዚያ የጦር አካዳሚ ምረቃ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረህ ወጣህ። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ወንበር ከማሳየትህ በፊት፣ ስታሳየው የኖርከውን ፎቶ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ለቁልፉ ፖስታ ገዝቼ አድራሻህን ጽፌበት ነበር። መቶ አለቃው ልጅህ ሥራ በጀመረ ማግስት ሠራተኞቹን ግቢው ውስጥ አሰለፋቸው። ቫርኒሽ ቀቢያችን፣ «ቀስ በቀስ» የምንለው፣ እንደ ልማዱ አርፍዶ ደረሰና ሰልፉን አይቶ፣
«ምን ሊታደል ነው?» አለ።
«ምንም አይታደልም ጋሼ። ይሰለፉ።»
«አንተ ልጅ፣ እኔ እንጨት ቀቢ ነኝ እንጂ ጠላት የለኝም።»
«አለዎት» አለ ልጅህ፣ ፊቱን ሳይፈታ። «ፕላስቲክ ወንበር ይባላል። ከተማውን ይዞታል።»

ቀስ በቀስ ተሰለፈ። እኔ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ዘመኔ ስለ ጦርነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከወንበር ጋር የተደረገ ግን አልገጠመኝም።

ቀጥሎ የመጣው ስሕተት የአካዳሚ ሰው ብቻ የሚሠራው ነው። ባለ ሻይ ቤቷ ጎረቤታችን ለአዲሱ አዳራሿ ወንበር አዘዘች። አንተ መደገፊያውን ወደ ኋላ ጋደል አድርገህ ነው የምትሠራው፤ የተቀመጠበት ሰው ያዛጋል፣ ምልክትህ ያ ነው። ልጅህ ግን ልኬቱን የወሰደው ከራሱ ነው። እነሱ ዕጩ መኮንኖች ሳሉ ሲበሉ እንኳ ጀርባቸው መደገፊያ አይነካም ነበርና፣ የሰው ልጅ ሁሉ እንደዚያ የሚቀመጥ መስሎታል። መደገፊያው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሥራው ያማረ ነው፤ ዝሆን ቢቀመጥበት አይነቃነቅም። እኔ ስቀመጥበት ግን የሆነ ነገር አጥፍቼ የተጠራሁ መሰለኝ።

«ትንሽ ጋደል ብታደርገው ምናለ?» አልኩት።
«እማዬ፣ ሰው ወንበር ላይ ለምን ይጋደማል? አልጋ አለ አይደል እንዴ?»

ወንበሮቹ ሄዱ። በሳምንቱ ባለ ሻይ ቤቷ ስትመጣ አረማመዷን በመስኮት አየሁና ፖስታውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ያ ትእዛዝ ከተመለሰ እንጨት መግዣ እንኳ አይኖረንም ነበር፤ በሩን መዝጋት ነው። ልጅህ ፖስታውን አየው። ሽርጡን አስተካክሎ እንደ ተረኛ ዘብ በሩ ላይ ቆመ።

«ይህን ወንበር የሠራው ማነው?» አለች።
«እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔ ነው።»
«የምን ጥፋት? እነዚያ ጡረተኞች አንድ ሻይ ይዘው ከጠዋት እስከ ማታ ሚኒስትር ሲሽሩና ሲሾሙ ይውሉብኝ ነበር። አሁን ጠጥተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ እግዜር ይስጥልን ብለው ይሄዳሉ። ገበያዬ ደራ። ለፎቁም እንዲሁ ሥራልኝ። ደግሞ አደራህን፣ እንዳታለሰልሰው።»

ቀስ በቀስ ከጓሮ ሆኖ «ፕላስቲኩ እጁን ሰጠ» አለ። በማግስቱ በሰዓቱ መጣ።

ከዚያማ ወሬው እግር አወጣ። የከተማው ምክር ቤት ጸሐፊ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባሎቻችን እንቅልፍ ያበዛሉ» አለ። አሁን አዳራሹ በኛ ወንበር ተሞልቷል፤ ስብሰባው ከምሳ በፊት ያልቃል አሉ። መንገዳችን ላይ ያለው ጉድጓድም ተደፍኗል። እኛ ነን ያስደፈንነው ብዬ አልፎክርም፤ የተደፈነው ግን ከወንበሩ በኋላ ነው።

የሸጥከው ትልቁ መጋዝ ተመልሶ ተገዝቷል፤ አዳዲስ አናጺዎች ገብተዋል። የበሩ ታፔላም ታድሷል፤ ያንተ ስም ከላይ፣ የሱ ከታች፣ አነስ ብሎ። እንዲህ አድርግ ያለው የለም።

መለዮውን ለምን እንዳወለቀ ጠይቀኸው አታውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ ለዕረፍት የመጣ ሰሞን፣ አንተ ጣውላ ላይ መስመር ስታሰምር በመስኮት አይቶሃል። እርሳሱን፣ መስመሩ እንዳይጠምብህ፣ በሁለት እጅህ ይዘኸው ነበር፤ ማንም ያላየህ መስሎህ። ልጁ ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ጠጣና «እማዬ፣ ጦሩ ብዙ መቶ አለቃ አለው» አለኝ። እኔ ምክንያቱን አልጠየቅሁትም። አንተም አትጠይቀው፣ ይክድሃል።

ቁልፉን አልላክሁም። ፖስታው አድራሻ ከተጻፈበት ወዲያ እንዳይባክን ግን ይህን ደብዳቤ ከትቼበታለሁ።

ፎቶውን አዙሬዋለሁ። ከሥሩ፣ ከመስኮቱ ብርሃን በሚደርስበት ቦታ፣ አንድ ወንበር አለ። መደገፊያው ጋደል ያለ፣ የክንድ ማሳረፊያው ሰፋ ያለ። ልጅህ ሕጉን የጣሰው በሱ ብቻ ነው። ለማን እንደ ሠራው አልተናገረም። ቀስ በቀስ አንድ ቀን ሲቀመጥበት ግን «ጋሼ ይነሱ፣ ሰው አለው» አለው።

ልጃችንን ሳምልኝ፤ ቁም ሳጥኖቿንም ማርልኝ። አምላክ ጉልበትህን ያጽናው፣ ልብህን ያራራው፣ ከዚያም መንገዱን ያቅናልህ።

የልጆችህ እናት

ሳልነግርህ፦ ባዶውን እንዳይውል ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ሰው አለው የሚለኝ የለም። ትናንት፣ ባንተ ወንበሮች ላይ እንደማዛጋው፣ አዛጋሁ፤ ልኬቱን ከማን እንደ ወሰደው ያን ጊዜ ገባኝ።