ኮምቦልቻን አይተን የተመለስን ዕለት

ለወንድሜ ለሀይደር
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ መንፈግ ስለማይገባ እንጂ ልቤ ወዶ አይደለም። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ፣ የወገብህ ሕመምስ እንዴት አደረገህ? ይህን ሁሉ የምትጠይቅህ እናታችን ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ "መጀመሪያ ደኅንነቱን ጠይቀው" ስላለችኝ ጠየቅሁ። እሷ አልሐምዱሊላህ ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏታል። እኔም በሕይወት አለሁ። ስልክህን ስለዘጋህብኝ ይህን ወረቀት ለእረፍት መጥቶ በሚመለሰው በጓደኛህ በከሊድ እጅ ልኬልሃለሁ። ሳትጨርስ እንዳትቀድደው።

በድምፅ ቀድተህ ለዘመድ ሁሉ የበተንከውን ሰምቻለሁ። "ሀፊዝ ሚስቴን ኮምቦልቻ ሜዳ ድረስ አምጥቶ ሆን ብሎ መለሳት፤ ሼሁ ቢልቂስን ስለከለከሉት ቂሙን በቀብራቸው ቀን ተወጣ" ብለሃል። እናታችን ጎረቤት ቤት ተቀምጣ ከሰው ስልክ ነው የሰማችው። የገዛ ልጇ የገዛ ልጇን ሲያዋርድ። አማትህ ሼህ ዘይኑልአቢዲን የሚስትህን የረውዳን እህት ቢልቂስን ለጋብቻ ስጠይቃቸው እንደከለከሉኝ እውነት ነው። "ሰማይ ላይ ለሚውል ሰው ልጄን አልሰጥም" አሉ። አዘንኩ፤ አለፈ። እሷም አግብታ ወለደች፣ እኔም ሥራዬን ያዝኩ። ያንን ዛሬ ከየት ቆፍረህ አወጣኸው?

እንግዲህ አንተ ባልነበርክበት የሆነውን ከነበርኩት ከእኔ ስማ።

ሼሁ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሒ ላይ፣ ማረፋቸው እንደተሰማ ረውዳ ደወለችልኝ። ከአዲስ አበባ የረፋዱን የኮምቦልቻ በረራ የማበርረው እኔ እንደሆንኩ ስነግራት ልጃችሁን ኢስራን ይዛ መጣች። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር "ጀናዛው ከቀትሩ ሶላት ከዙህር በፊት አይወጣም ብለውኛል፤ ፊታቸውን አያለሁ አይደል?" አለችኝ። "ኢንሻአላህ ታያለሽ" አልኳት።

ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ረዳት አብራሪዬ ሊድያ ጎማ ማውረጃውን ተጫነችው። የኋላዎቹ ጎማዎች ወርደው መቆለፋቸውን የሚነግሩት አረንጓዴ መብራቶች በሩ፤ የፊተኛው ቀይ እንደሆነ ቀረ። ከፍ ብዬ ዞርኩ። መልሳ ሞከረችው። ያው ቀይ ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ያለውን ክዳን ከፍታ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተቀመጠውን እጀታ በሁለት እጇ ጎተተችው፤ መዳፏ እስኪላጥ ጎተተችው። እምቢ አለ። ከመቆጣጠሪያ ማማው በመነጽር እንዲያዩን ሜዳው ላይ ዝቅ ብዬ አለፍኩ። "የፊት ጎማችሁ ግማሽ ወጥቶ ተጣሞ ይታየኛል" አለን ሰውዬው።

ሚስትህ ያን ጊዜ በመስኮቱ ኮምቦልቻን አየች። የፋብሪካዎቹን ጣሪያ፣ አስፋልቱን፣ ሊቀበላት የመጣውን የወንድሟን መኪና ሳይቀር አይቻለሁ ትላለች። መሬት ልንነካ ጥቂት ሲቀረን መልሰን ወጣን። ጩኸቱ በሩን አልፎ ተሰማኝ፤ "ደርሰናል እኮ! አውርደን!" የሚል። የበረራ አስተናጋጇ የኔነሽ በውስጥ ስልክ ደውላ "ካፒቴን፣ የባሌ ወንድም ነው፣ ለእኔ ሲል ይረፍ የምትል ሴት አለች፤ ምን ልበላት?" አለችኝ። "ቀበቶዋን እንድታስር ንገሪያት" አልኩ። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?

ነዳጅ ነበረን። የኮምቦልቻ ዙሪያው ተራራ ነው፤ አፍንጫው አስፋልት ላይ ሲወድቅ አውሮፕላኑ ወዴት እንደሚስብ አላህ ነው የሚያውቀው። የአዲስ አበባው ሜዳ ረጅም ነው፣ የእሳት አደጋ መኪናውም ብዙ ነው። የሟች ፊት ትይልኝ ብዬ ከኋላዬ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ፣ ኢስራን ጨምሮ፣ ቁማር ላስይዝ? ይህን ነበር የምትፈልገው? ተመለስን።

አዲስ አበባ ላይ በኋላዎቹ ጎማዎች መሬት ነካሁ። አፍንጫው እንዳይወርድ መሪውን ወደ ሆዴ ስቤ ያዝኩት። ፍጥነታችን ሲበርድ ግን የሚያቆመው ነገር አልነበረም፤ ወደቀ። ብረት አስፋልት ሲፍቅ የሚያሰማውን ድምፅ አያሰማህ። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ሊድያ "ቀጥ ብለናል፣ ቀጥ ብለናል" ትለኛለች። መስመሩን ሳንለቅ ቆምን። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተሰበረም።

ወርጄ ሣሩ ላይ ወደተሰበሰቡት መንገደኞች ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ሳሙኝ፤ አንድ ጎልማሳ ደግሞ እናቴን ጠርቶ ሰደበኝ። ረውዳ ኢስራን አቅፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። "ዙህር ሆኗል?" አለችኝ። ሆኗል አልኳት። ፊቷን አዞረች።

ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ስላሳረፉኝ ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ልደርስ፣ ገራዶ ሼሁ ቤት ሄድኩ። የሚስትህ ወንድም አብዱልባሲጥ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም አለኝ። "የገዛ ወንድምህ መስክሮብሃል፤ እኛ ምን እንጨምር?" አለ፤ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እያየኝ። ልመለስ ስል ረውዳ ወጣች። ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ፦ "ልጄን አትርፈህልኛል። ሆን ብለህ እንዳላደረግኸውም አውቃለሁ። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ከላይ ሆኜ ያየሁት ሜዳ ይመጣብኛል። አትምጣብኝ።" ብላኝ ገባች።

ሀይደር፣ ይህን ከእሷ ተቀብያለሁ። አባቷን ያጣችው እሷ ናት፣ ወንበሩ ላይ ሆና የተንቀጠቀጠችውም እሷ ናት፤ ብትጠላኝ ያምርባታል። አንተ ግን ባሕር ማዶ ጋደም ብለህ አፍህን ከፈትህ። አንዴ እንኳ ደውለህ "ምን ገጠማችሁ?" አላልከኝም።

የምልህ አንድ ነገር ነው። በዚያው ድምፅህ፣ ለዚያው ዘመድ ሁሉ፣ "ዋሽቻለሁ" በል። ካላልክ ብሞት አትቅበረኝ፣ ብትሞት አልቀብርህም። ይህን መስመር ለእናታችን አላነበብኩላትም።

እናታችን በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሃለች፤ የሹራብ ካልሲ ሠርታ በከሊድ ልካልሃለች። ኢስራ ደኅና ናት፤ ገራዶ በመስኮት አየችኝና እጇን አውለበለበችልኝ። አብሮህ የሚኖረውን ብሩን ሰላም በልልኝ፣ እሱ አልበደለኝም።

የእናትህ ልጅ
ሀፊዝ

ደሴ፣ ፒያሳ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.