የቤታቸውን መዝጊያ አልጋ ያደረጉት አቶ ገብረ መድኅን ወልደ ሰማያት

አቶ ገብረ መድኅን ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሰማያት ተሰማ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፌ ጉርሙ በሐምሌ ወር 1914 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ከተማ፣ ለገሀሬ ተወለዱ። በዚያን ዕለት ባቡሩ ሳይገባ ሦስት ጊዜ መጮኹን የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ይመሰክራል። ፊደልን በአርባ ቀን ጨርሰው፣ ፈረንሳይኛን ፈረንሳዮቹ ራሳቸው እስኪጠይቋቸው ድረስ አወቁ።

በ1934 ዓ.ም. በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ከከተማው ውጭ መልካ ጀብዱ ያለ ሰው የእሳቸውን መዶሻ ሰምቶ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር። በ1936 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰርካዲስ በየነን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ፤ ሠርጉ ላይ ያልተጠራው የጅቡቲ ገዢ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ፍርሃት ነበራቸው። አባታቸው ወገባቸውን ታመው ከዓመት ዓመት ጎብጠው፣ በመጨረሻ ከጫማቸው በቀር የማያዩ ሆነው በ1935 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ የሬሳ ሣጥኑ ክዳን አልገጥም አለ። ሰዎች ሲጫኑት የተሰማውን ድምፅ አቶ ገብረ መድኅን ዕድሜያቸውን ሙሉ አልረሱትም።

በ1941 ዓ.ም. ሕመሙ እሳቸውንም ያዘ። ጠዋት ወገባቸው እንደ ሐዲድ ይደርቃል፤ ሥራ ሲጀምሩ ይላላል። በድሬ ዳዋ ሙቀት ብርድ መታቸው ተባለና በሽቦ አልጋ ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። ጠያቂው ሁሉ ትራስ ይዞ መጣ። ከመጋላ ወይዘሮ ሃዎ፣ የሥራ ባልደረባቸው የአቶ ዱዓሌ ባለቤት፣ በጥጥ የጠቀጠቁትን አመጡ። ትራሱ አሥራ አንድ ደረሰ። ከአርባ ቀን በኋላ ተነሥተው ቁመታቸውን በቤቱ መዝጊያ ሲለኩ ከቀድሞው በአራት ጣት አጥረዋል፤ አንገታቸውም ወደ ፊት ወድቋል።

ራጅ ያነሣቸው ሐኪም የጀርባ አጥንታቸውን መጋጠሚያዎች እያሳየ እንዲህ አለ፦ «እነዚህ እንደ ፉርጎ መያያዣ ናቸው። ተቆጥተዋል፤ ሳይንቀሳቀሱ ሲቆሙ ይዝጋሉ፣ ኋላም አንድ ላይ ይገጥማሉ። መግጠሙን ማስቆም አልችልም። ጎብጦ ወይስ ቀጥ ብሎ የሚለው ግን በእርስዎ እጅ ነው።» አስፕሪን አዘዘ፤ ጠንካራ ነገር ላይ ያለ ትራስ መተኛት፣ ጠዋትና ማታ በሆድ መተኛት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ በየቀኑ መራመድ።

ወይዘሮ ሰርካዲስ በዚያው ቀን መዝጊያውን ነቅለው ግቢው ውስጥ ዘረጉት። ትራሶቹን ለየባለቤቶቻቸው መለሱ። ሰፈሩ ተቀየመ። ወይዘሮ ሃዎ ከደጅ ቆመው፣ «ምነው ሰርካዲስ፣ ሰውየውን ሳይሞት ሳንቃ ላይ አወጣሽው?» ቢሏቸው፣ «ዛሬ በሳንቃ ቀጥ ብሎ ካልተኛ፣ ያን ቀንም ቀጥ አይልም» ብለው መለሱ። ሁለቱ ለሦስት ዓመት አልተነጋገሩም።

አቶ ዱዓሌ ግን አልቀሩም። ጎህ ሲቀድ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እያራመዷቸው፣ «አቦ ቀና በል ገብሬ! አሸዋው ውስጥ ምን ጠፋብህ?» እያሉ ይጮኹባቸው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድም ቀን ሳይቀር፣ ተራመዱ። አሸዋው ላይ የረገጡት መንገድ ቢቀጠል ካይሮ ይደርሳል። በ1953 ዓ.ም. ሐኪሙ እንደገና ራጅ አንሥቶ አጥንቱ መግጠሙን፣ ቀጥ ብሎ መግጠሙን ነገራቸው። አላመኑትም፤ ከመዝጊያው አልወረዱም።

በዚህ ዓመት ጥር ወር የሳንባ ሕመም ያዛቸው። የጎድን አጥንታቸው እንደ ልብ ስለማይከፈት ትንፋሽ አጠራቸው፤ ሐኪም ቀና አድርጎ የሚደግፋቸው ትራስ አዘዘ። አሻፈረኝ አሉ። ወይዘሮ ሃዎ ያንኑ የጥጥ ትራስ ይዘው ገቡ። ወይዘሮ ሰርካዲስ ተቀብለው፣ «ገብሬ፣ አጥንትህ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ ትራስ አያጎብጥህም» አሏቸው። በሃያ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ትራስ ተደገፉ። የካቲት 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ ልጆቻቸው ትርንጎና ይገረም፣ ወንድም ያህል የሆኑት አቶ ዱዓሌና ቤተሰባቸው በሐዘን አሉ።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ሰርካዲስ የሣጥኑን ክዳን በሁለት ጣት ገፉት። ገጠመ። ማንም አልተጫነውም። ቀና ብለው ለሄዱት እግዚአብሔር ቀና ብለው የሚቆሙበት ስፍራ ይስጣቸው።