የእናቴ ሳህን ማጠቢያና ያልመጣው ውኃ

ይድረስ ለተከበሩት የሰፈራችን ውኃ ሥርጭት ኃላፊ፤
ሰቆጣ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የቧንቧዎን ነገር ከደጅዎ አበባ ልምላሜ ስለተረዳሁት አልጠይቅም። እኔ ወንዳወቅ እንዳለው እባላለሁ፤ በልብስ ስፌት የምተዳደር የሰፈርዎ ነዋሪ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ውለታዎን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ እህቴ ዝናሽ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ የእናታችንን የወይዘሮ ይመኙሻልን በቁርጥማት የተጣመሙ ጣቶች አስባ፣ «እኔ የባዕድ ሳህን ሳጥብ የእማዬ እጅ ይረፍ» ብላ የሳህን ማጠቢያ ማሽን ላከችልን። ገጠምነው። ጥቂት አጉረመረመና ውኃ ሳይስብ መብራቱን እያርገበገበ ቆመ። የቧንቧው ውኃ ኃይል እንደሌለው ቢሮዎ መጥቼ ባመለክት፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ «ውኃ ማስገቢያው ተቃጥሏል፤ ጥፋቱ የማሽኑ ነው» ብለው ስላሰናበቱኝ አመሰግናለሁ። ቤታችን ድረስ መጥተው ጫማዎን አቧራ ነክቶት ቢሆን ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቃልዎን አክብሬ ማሽኑን ፈታሁት። ውኃ የምታስገባዋን ክፍል አውጥቼ ወንፊቷን አየሁ፤ ንጹሕ ነበረች። ቴስተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መለኪያ ተውሼ ለካኋት፤ አልተቃጠለችም። ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ የጎረቤታችንን የእትዬ ዓሚኔን በርሜል ጣሪያ ላይ አውጥቼ፣ ከምንጭ በአህያ በመጣ ውኃ ሞልቼ ቱቦውን ባገናኘው፣ ማሽኑ ውኃውን ስቦ ሳህኑን ሁሉ አጥቦ አወጣው። እናቴ ግን ይህን አይታ፣ «ልጄ፣ ሰው የሚጠጣው አጥቶ ይህን ያህል ውኃ ለሳህን አይፈስም፤ ንቀለው» አለችኝ። ነቀልሁት።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ዝናሽ በደወለች ቁጥር «ማሽኑስ?» ትላለች። እናቴ፣ ልጄ የደከመችበት ከንቱ ቀረ ብላ እንዳታዝን፣ ስልኩን ከሳፋው አጠገብ አስቀምጣ፣ ሳህኖቹን በእጇ እያጠበች ታንኳኳና «ይኸው ትሰሚዋለሽ? እኔማ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ» ትላት ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ እናቴ አረፈች። ዝናሽ ለለቅሶ መጥታ፣ ሰው ጋብ ሲል ወጥ ቤት ገባች። የማሽኑን በር ከፍታ እጇን ብትሰድ ደረቅ፣ አቧራ የለበሰ ነው።

«በስልክ የምሰማው ታዲያ ምን ነበር?» አለችኝ።

«እማዬ ናት» አልኋት።

የለቅሶውን ዕቃ ሁሉ፣ ሴቶቹ እናግዝሽ ቢሏት እምቢ ብላ፣ ሳፋው ላይ አጎንብሳ ብቻዋን አጠበችው። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እዚያው ተቀመጠች።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ከዚህ ወዲያ ግን ትንሽ ሆኖ ታየኝና ተውሁት።

ሳያዩ የሚያውቁበትን ጥበብ እንዳደነቅሁ፣ ረጅም ዕድሜና የማይጎድል ውኃ እየተመኘሁልዎ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ወንዳወቅ እንዳለው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቧንቧውን ለማየት ካሰቡ ለእናቴ ብለው አይቸኩሉ። የእትዬ ዓሚኔ ጣቶች ግን መጣመም ጀምረዋል፤ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ቢመጡ ይመርቁዎታል።