ፍሬን ሳይቆርጡ ውስጡን ያዩት የወይዘሪት ፍረወይኒ አጽብሃ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሪት ፍረወይኒ አጽብሃ ከአባታቸው ከአቶ አጽብሃ ካሳይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ገብሩ ኅዳር 6 ቀን 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር ጀምረው በሥነ ሕይወት ከዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ ከ1976 ዓ.ም. እስከ ጡረታቸውም ኡራኤል አካባቢ በነበረ የዕፅዋት ጤና ቤተ ሙከራ አገለገሉ።

ሥራቸው በማንጎ ውስጥ ተሸሽጎ የሚያድገውን የፍራፍሬ ዝንብ ትል ማጥናት ነበር። ቀድሞ ትሉን ለማየት ፍሬውን መሰንጠቅ ግድ ስለነበር፣ የዛሬው ትል ነገ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. ቤተ ሙከራው የራጅ መሣሪያ ሲያገኝ ግን ያንኑ ማንጎ ሳይቆርጡ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እያነሡ፣ ትሉ ከቆዳው ሥር እስከ ዘሩ የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉ። አንድ ቀን ካመለጠ ሌላ ፍሬ ይዞ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ በዓልም ሆነ ለቅሶ ከመሣሪያው አልለያቸውም።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማዕዛ፣ «እትዬ ፍሬ፣ ትሉ ለፋሲካ እንኳ ዕረፍት አይወጣም?» ቢሏቸው፣ «ጾሞ አያውቅ፣ ምኑን ይፈስካል!» ብለው አስቀዋቸዋል።

በግንቦት 2007 ዓ.ም. በእናታቸው የአርባ ቀን ተዝካር የደረሱት ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነበር። የዚህ ታሪክ አዘጋጅ፣ ታናሽ ወንድማቸው አስመላሽ፣ በዚህ ተቀይሞ ለዐሥር ዓመታት ደጃቸውን አልረገጠም። እርሳቸው ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አልወለዱም። የካዛንቺስ ጎረቤት ሰፈሩ ፈርሶ በየአቅጣጫው ሲበተን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብተው ብቻቸውን ኖሩ። በጉበት ሕመም መያዛቸው ሲሰማ ወንድማቸው ሄዶ አስታመማቸው፤ ያን ነገር ግን ሁለቱም አላነሡትም። ለሰባት ወራት ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

ካረፉ በኋላ በተገኘው የሥራ መዝገባቸው፣ ከተዝካሩ ዕለት ምስል ትይዩ እንዲህ ይነበባል፦ «ስምንተኛ ቀን። ትሉ ዘሩ ዘንድ ደርሷል። ዛሬ የእማማ አርባ ነው። ከአስመላሽ ጎን ማን ቆሞ ይሆን?»

ከቡልጋሪያ ሰፈርም፣ ከጎተራም፣ ከየተበተናችሁበትም መጥታችሁ ዛሬ ከአስመላሽ ጎን የቆማችሁ ጎረቤቶች ሆይ፣ እርሳቸው ያልደረሱበት ለቅሶ ያላችሁ ይቅር በሏቸው። ወንድማቸውም እርሳቸውን ይቅርታ የሚጠይቀው ዘግይቶ ነው።

ከአንድ ወንድማቸውና ከሁለት የወንድማቸው ልጆች በቀር ሌላ የቅርብ ዘመድ አልተዉም። ሳይከፍት ልብን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማኅበር ይቀበልልን።