የማይሞቀው ስልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ብርድ። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዋለ። ጣቴ ደንዝዞ ስሜን መጻፍ እንኳ አቃተኝ።

የክፍል አለቃችን ፈናን እንደ ወትሮዋ የሸራ ቦርሳዋን ይዛ በየዴስኩ ዞረች። ዘንድሮ ስልክ ጠዋት ተሰብስቦ ስንወጣ ነው የሚመለሰው። ሰው ሁሉ ልቡን የሚያስረክብ ይመስል እየተነጫነጨ ይሰጣታል። እኔም ሰጠሁ።

የእኔ የሞተ ነው። ይህን ከዚህ ደብተር ሌላ የትም አልጽፈውም። ወንድሜ ቦና ለሥራ ሞጆ ሲሄድ “ትንሽ ነገር ነው፣ አስጠግኚው” ብሎ የተወልኝ ነው። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና “ቦርዱ ተቃጥሏል እህቴ፣ ለመስተዋት ካልሆነ አይጠቅምሽም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፀጉሬን አይበታለሁ።

ታዲያ ለምን ታስረክቢያለሽ ተስፋነሽ? የመጀመሪያው ቀን “ስልክ የሌለው አለ?” ሲባል ማንም እጁን አላወጣም። ከሳጉሬ ከተማ ለትምህርት መጥቼ፣ ማንንም ሳላውቅ፣ በዚያ ቀን እኔ ብቻ እጄን ላውጣ? ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ትናንት ማታ በክፍላችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ተለቆ ነበር መሰለኝ። ሲስቁ ዋሉ። እኔም ሳቅኩ... ከሁሉም ትንሽ ዘግይቼ። ሃምሳ ስምንት ተማሪ ነን። ግሩፑ ውስጥ ማን እንደሌለ ማን ይቆጥራል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የባዮሎጂ የቡድን ሥራ ነበረን። አምስት ነን። ሦስት ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንገናኝ ተባብለን ነበር።

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ዘበኛው “ልጄ፣ ማንን ነው?” አሉኝ። “ይመጣሉ” አልኳቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግመው ጠየቁኝ። “መንገድ ላይ ናቸው” አልኩ። ምን አውቄ? እስከ አምስት ቆሜ ተመለስኩ።

አከራዬ እትዬ ውድነሽ ልብስ እያሰጡ ነበር። “ጥናቱ እንዴት ነበር?”

“ጥሩ ነበር እትዬ።”

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከማንም ጋር አልተጣላሁም እኮ! የሚከፋው እሱ ነው። የምቆጣው ሰው እንኳ የለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

“ፈናን ቤት ነው የተሰበሰብነው። ግሩፕ ላይ ቀይረነው ነበር እኮ፣ አላየሽም?” አለኝ ጌትነት፣ ዴስክ የምንጋራው።

“ኔትወርክ አልነበረኝም።”

“ስምሽን ግን ጽፈነዋል” አለች ፈናን። አመሰገንኩ። ባልሠራሁት ሥራ ላይ ስሜ አለ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔስ እያደር ከበደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የጋይዳንስና የምክር መምህራችን ቲቸር ወልደጻድቅ መጠይቅ አደሉን። ስልክና የተማሪ ጤንነት። ስም አይጻፍም።

“በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ ታሳልፋላችሁ?” ይላል። የጌትነት ዓይን ወረቀቴ ላይ ነው። ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ብል ኖሮስ? ... ጻፍኩ አይደል፣ ስድስት።

ቀጥሎ “ብቸኝነት ይሰማችኋል?” ይላል። ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ሁልጊዜ። እሱን በክንዴ ሸፍኜ ሞላሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ምን ጉድ ነው!

ቲቸር ወልደጻድቅ የመጠይቁን ውጤት ሊነግሩን ገቡ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ውጤት ብዙ አወሩ። ከዚያ አንድ ወረቀት ከፍ አድርገው ያዙ። “ይሄ አሳሰበኝ” አሉ። “በቀን ስድስት ሰዓት ስልክ ላይ ነው፤ ብቸኝነት ሁልጊዜ ይሰማዋል። አያችሁ ልጆች ስልክ ምን እንደሚያደርግ? ስልኩን ትንሽ ቢያስቀምጥ ከሰው ጋር በዋለ ነበር። ማን እንደሆንክ አልጠይቅም፤ ስትፈልግ ቢሮዬ ና።”

ጌትነት ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ስድስቷን አይቷታላ!

በእረፍት ሰዓት ወሬው ተዳርሷል። “አንቺ ሱሰኛ! እኛን ግሩፕ ላይ አንድ ቀን አናግረሽን አታውቂም። ስድስት ሰዓት ሙሉ ከማን ጋር ነው?” አሉኝ። ፍቅረኛ ሰጡኝ። አዳማ ነው የሚኖረው አሉ። ሳቅኩላቸው።

ከማን ጋር ነው የማወራው? ከዚህ ደብተር ጋር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

የቲቸር ወልደጻድቅ ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ገባሁ።

“ወረቀቱ የእኔ ነው ቲቸር” አልኩና ስልኩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፉን ተጫኑት። ጠበቁ። የራሳቸውን ቻርጀር ሰኩበት። እንደገና ጠበቁ።

“አይሠራም?”

“ሠርቶልኝ አያውቅም።”

“ስድስት ሰዓቱስ ታዲያ?”

“ውሸት ነው።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “‘ሁልጊዜ’ ያልሽውስ?”

“እሱ እውነት ነው።”

ምክር ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። “ወረቀትሽን አንብቤ ያወቅኩሽ መስሎኝ ነበር” አሉ። “ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።” ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኬን አንስቼ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ስልኩን ቤት ትቼው ሄድኩ። ፈናን ቦርሳውን ከፍታ ዴስኬ ጋ ቆመች።

“ስልክ የለኝም” አልኩ። “ያ የሞተ ነው።” ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቢስቅ ምን ይደረግ።

ስንወጣ ፈናን በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

“አውቅ ነበር” አለች። “በዚህ ብርድ የሰው ስልክ ከኪሱ ሲወጣ ይሞቃል። ያንቺ ሁልጊዜ ድንጋይ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከጥቅምት።”

ተናደድኩ። በዚያ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስቆም፣ እያወቀች! “ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ቦታው መቀየሩን?”

መሬት መሬት አየች። “ባወራ የምታፍሪ መስሎኝ... ደግሞ ሌላው ይነግራታል አልኩ። ዋሸሁ፣ እሱንም አላልኩም። ረሳሁሽ።”

“ረሳሁሽ” ማለቷ አመመኝ። ግን እውነት ነው። አብረን መንገድ ጀመርን።

“ለቅዳሜው የቡድን ሥራ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ሦስት ሰዓት” አለች። “ከተቀየረ መጥቼ እነግርሻለሁ። ቤትሽ የት ነው?”

ከመስከረም ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር አልኳት። ሁለቴ ነገርኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደብተሬን ይዤ፣ ጫማዬን አጥልቄ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ብሄድ ይሻላል? ብጠብቅ? እንደገና ያ በር፣ እንደገና ዘበኛው...

የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። “ተስፋነሽ፣ ሰው መጥቶልሻል!” አሉ እትዬ ውድነሽ፣ ተገርመው።

ፈናን ናት። ሮጣ ነው የመጣችው፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

“ኮቱ፣ ነይ፣ ቶሎ በይ! ቦታው ተቀይሯል።”