የልብስ ሰፊዋ ጉንፋን

ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን እያማረረ ጣሪያ ላይ መውጣቱን አልተወም። እኔም እዚያው ክሊኒክ መርፌ እወጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት በሰው እጅ ታንቀው የተረፉ ሰዎችን እንዴት እንደምንለይ ሥልጠና ሰጡን። አሰልጣኟ "አንገት ላይ ምልክት አትጠብቁ፤ ድምፅ ከሻከረ፣ መዋጥ ካስቸገረ ለብቻ አድርጋችሁ ጠይቁ" እያለች አፏ እስኪደርቅ ነገረችን። ያ ጉረኛ ዶክተራችን ብስኩቱን ሲቆረጥም ቆይቶ ሰርተፊኬቱን ተቀበለ። በማግስቱ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው።

እዚያው ሰርተፊኬቱ ሥር እንደተጎለተ ድምፅዋ የተዘጋ ልብስ ሰፊ ከባሏ ጋር መጣችለት። ዶክተሩም ባሏ አጠገቧ እንደቆመ "ጉንፋን ነው" ብሎ ሽሮፕ አዘዘላት። ወይ ዶክተር! እኔ ክብደቷን ልመዝን ብዬ ለብቻዋ ወሰድኳትና "አንገትሽን ያነቀሽ ሰው አለ?" አልኳት። እንባዋ ቀደማት። ትልቁ ሆስፒታል ስንልካት የአንገቷ ደም ሥር ተጎድቶ ተገኘ። ዶክተር ተብዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ምልክት የላትም እኮ!"

"ታዲያ ቀለም ተቀብታ ትምጣልህ?" አልኩት።

እሱን ስሰድብ ሰንብቼ፣ ይኸው አሁን እየጻፍኩልሽ እፍረት ያዘኝ። ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ሻክሮ ነበር። ባልሽ ከኋላሽ "ብርድ መቷት ነው" ሲል ሰማሁና፣ ሠላሳ ዓመት ነርስ ነኝ የምለው ሴትዮ "ማር ላሺ" ብዬሽ ስልኩን ዘጋሁ። ሽሮፕ ከማዘዝ በምን ተሻለ?

አምላክ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ። እባክሽ እናትዬ፣ ባልሽ ሥራ ሲገባ ደውዪልኝ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው።